ከሥሩ ስም ያለው ሸክላ

በካሳዬ አበጋዝ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ የሚበልጥ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ። ሰሃንም ብርጭቆም አልተቀመጠበትም። የተደረደረበት የፈረንሳይ አገር ሸክላ ነው፤ አንዳንዱ አንገቱ የቀጠነ፣ አንዳንዱ ሆዱ የተነፋ፣ ቡናማ ገላው ላይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቅብ ከአፉ ጀምሮ ፈስሶ መሃል ላይ የቆመ። ሁሉም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ጥቂት ዘግይቶ የተሠሩ ናቸው። ካሳዬ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት በዊልስደንና በሃርልስደን ለበጎ አድራጎት አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ቻሪቲ ሾፖች፣ እሁድ እሁድ ሰው አሮጌ ዕቃውን በመኪና ጭኖ ከሚሸጥበት ሜዳ፣ አንዳንዴም የሞተ ሰው ቤት ከሚያጸዱ ሠራተኞች እጅ አንድ አንድ እያለ ለቅሞ ያመጣቸው ናቸው።

ሚስቱ እታለማሁ አንዱንም ወዳው አታውቅም።

«ደግሞ ሌላ?» ትለዋለች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ሲገባ።

«የመጨረሻዬ ነው።»

«ያለፈውም የመጨረሻህ ነበር። እስቲ ፍታውና ልየው።»

ይፈታዋል።

«ኧረ በማርያም! ይሄ ምኑ ያምራል? ወጥ የተደፋበት ይመስላል እኮ።»

«ቅቡ ነው። አመድ አለበት፤ እሳት ውስጥ ሲገባ እንደ መስታወት ቀልጦ ይፈሳል። የፈረንሳይ ነው።»

«ፈረንሳይም ወጥ ይደፋል በለኛ!»

ይሳሳቃሉ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግን እርጥብ ጨርቅ ይዛ እያንዳንዱን እያነሳች አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። እያጉረመረመች ትጠርጋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቁም ሳጥኑን በአገጯ እያሳየች «የባላባት ልጅ አይደል? ዕቃ ማብዛት ከቤቱ ለምዶበት ነው» ትላለች። ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ኩራት አለ። ካሳዬ ያኔ ተነስቶ ወደ ኩሽና ይሄዳል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ሳይጠጣው ይመለሳል።

ካሳዬ የባላባት ልጅ አልነበረም።

የተወለደው ጎጃም ውስጥ ወይን አምባ በሚባል መንደር ነው። እናቱ አንጓች ሸክላ ሠሪ ነበረች። የመንደሩ መሬት የግራዝማች ጥሩነህ ቢሻው ነበር፤ ጭቃው የሚቆፈርበት የወንዝ ዳር እንኳ የእሳቸው ነው። አንጓች ጭቃውን ቆፍራ፣ ለውሳ፣ እንስራውን መሬት ላይ ታቆምና ራሷ ጎንበስ ብላ እየዞረችው ትሠራዋለች። በወንዝ ጠጠር ታለሰልሰዋለች። ከዚያ በገለባና በኩበት ትተኩሰዋለች። እናቱ የሠራችው እንስራ ያልገባበት ቤት በመንደሩ አልነበረም። እናቱ ግን አንዱም ቤት ገብታ አታውቅም። ገዢው እህሉን ሲሰጣት እጁ እጇን እንዳይነካ ከፍ አድርጎ ነው የሚያፈስላት። የታመመ ልጅ ያለው ሰው እሷ ስታልፍ በሩን ይዘጋል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም።

እናቱ ከሞተች በኋላ ካሳዬ በእግሩ ሱዳን ገባ። የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የአገሩ ልጆች ከበው የሚበሉበት አንድ ትሪ ላይ እጁን ሲዘረጋ፣ አንዱ «የማን ልጅ ነህ?» አለው። እውነቱን ቢናገር ትሪው ከፊቱ እንደሚነሳ ያውቃል። በጣም ርቦት ነበር። አፉ ላይ የመጣለት የግራዝማች ጥሩነህ ልጅ የአበጋዝ ስም ነው። አበጋዝ በአብዮቱ ጊዜ ተገድሏል፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የሚጠይቅ የለም ብሎ ነው። «የአበጋዝ ጥሩነህ» አለ። «ብላ እንጂ!» አሉት። በላ። በዚያው ስም ተመዘገበ፤ በዚያው ስም ለንደን ገባ፤ በዚያው ስም ሚስት አገባ። እታለማሁ የመንዝ ልጅ ናት። ሽማግሌዎቿ ዘሩን ቢያስቆጥሩት ከእሷ ጋር የሚገናኝ ስም አላገኙም፤ የባላባት ዘር መሆኑን ሲሰሙም ደስ አላቸው።

ሊነግራት ያሰበበት ጊዜ ነበር። እንደተጋቡ ሰሞን አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች የአገሯን ወሬ ታወራለች። አንዲት ሙሽራ ነበረች አለችው። ከሠርጉ በኋላ ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸው ተሰማ። የባሏ ቤተሰቦች ልጅቷን መለሷት፤ የተኛችበትን ጀንዲ አውጥተው አቃጠሉት። «አስበው እስቲ፣ አብረህ ተኝተህ!» አለችና እንደ በረዳት ሰው ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠለች። ካሳዬ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ እታለማሁ እንዳታውቅ። ሌላ ሰው ቢያውቅ ሰፈር መቀየር ይቻላል። እሷ ካወቀች ግን የት ይገባል?

የመጀመሪያውን ሸክላ ያገኘው ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ነው። በእረፍቱ ሰዓት ዝናብ ሲይዘው አንድ ቻሪቲ ሾፕ ገባ። ከአሮጌ የፎቶ ፍሬሞችና ከሻይ ማንቆርቆሪያዎች መሃል አንድ ቡናማ ማሰሮ ተቀምጧል። አነሳና ሳያስበው ገለበጠው። እናቱ ስንጥቅ የምትፈልገው ከሥር ነበር፤ እጁ የለመደውን አደረገ። ከሥሩ ስንጥቅ አልነበረም። ስም ነበር። ጭቃው እርጥብ ሳለ በሾለ ነገር የተጻፈ፣ ፈጠን ያለ የእጅ ጽሑፍ፤ የሰው ስም።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሻጯን ሴትዮ ጠየቃት።

«የሠራው ሰው ነዋ፣ የኔ ውድ» አለችው። «ፈረንሳይ ነው መሰለኝ። በደንብ ያዘው፣ እንዳይወድቅብህ።»

ካሳዬ ማሰሮውን ይዞ ብዙ ቆመ። ሰው ሸክላ ሠርቶ ስሙን ይጽፍበታል። ሳያፍር።

በኋላ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳቸውን መጻሕፍት ሥዕላቸውን እያየ፣ እንግሊዝኛውን ቀስ እያለ እየተረጎመ አነበበ። ፈረንሳይ መሃል ፑይዜ የሚባል የጭቃ አገር አለ። ሰዎቹ ከአባት ወደ ልጅ ለጨውና ለቅቤ ማስቀመጫ የሚሆን ማሰሮ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ያለፈው መቶ ዓመት ሊገባ ሲል ሥራቸው ጥበብ ነው መባል ጀመረ፤ የፓሪስ ሀብታሞች ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡት። ጭቃው ያው ነው፤ እሳቱም ያው። ካሳዬ ይህን ካነበበ በኋላ መልቀም ጀመረ። ስም የሌለበትን አይገዛም። ሰው ፊት ግን «ሸክላ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፤ «አንቲክ» ነው የሚላቸው። ብቻውን ሲሆን አንዱን ያወጣና ጭኑ ላይ ገልብጦ ስሙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። እናቱ ይህን ሁሉ እንስራ ሠርታ አንዱም ላይ ምልክት አላኖረችም። አሁን አንዱ እንኳ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ቢገኝም የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ልጃቸው ዳናዊት እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ ፋርማሲ ተቀጠረችና እዚያ እዮብ የሚባል ልጅ ተዋወቀች። ጥሩ ልጅ ነው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እናቱን ወይዘሮ አዲስዓለምን በየቀኑ ደውሎ ይጠይቃል። እናቱ በወጉ ሽማግሌ ይላክ ስላለች፣ ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። የመሩት የወይዘሮ አዲስዓለም ወንድም፣ የእዮብ አጎት ጋሼ ተክለአብ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ኮታቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሰው ናቸው። አብሯቸው ማኑሄ የሚባል የታክሲ ሹፌርና አንድ ዝምተኛ የኤድመንተን ጎረቤት ነበሩ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ካሳዬ።

«የለም፣ ቆመን ነው የምንለምነው» አሉ ጋሼ ተክለአብ።

«እርስዎ ይቁሙ፣ ጋሼ» አለ ማኑሄ፣ ላቡን እየጠረገ። «ሊፍቱ ተበላሽቶ ይሄን ሁሉ ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ብለምን እግዚአብሔር አይቀየመኝም።»

ተሳቀ፤ ተቀመጡም። ልመናው በወጉ ቀረበ፤ ካሳዬም በወጉ አንገራገረ። ከዚያ ጋሼ ተክለአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሥጋ እንዳይነካካ ቤት መቁጠር አለብን። እስከ ሰባት። ከእርስዎ ይጀመር፣ አቶ ካሳዬ።»

ካሳዬ ለዚህ ተዘጋጅቷል። ስሞቹን ከመልመዱ የተነሳ የራሱ ይመስሉታል። «ካሳዬ፣ አበጋዝ፣ ጥሩነህ፣ ቢሻው...»

ጋሼ ተክለአብ እጃቸውን አነሱ።

«ጥሩነህ ቢሻው? የት አገር?»

«ጎጃም ነው። ወይን አምባ።»

«ግራዝማች ጥሩነህ?»

«አዎን።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ በሁለት እርምጃ መጥተው ካሳዬን አቀፉት፤ ኮታቸው የዝናብ ሽታ ነበረው።

«የእናቴ አባት ናቸው እኮ! አበጋዝ አጎቴ ነው! አበጋዝ ዘር አለው! አንተ... አንተ የት ነበርክ? ዲቃላ ይኖረዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሸት መስሎኝ!» በዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ቀረና «አንተ» ሆነ። ጉንጩን ደጋግመው ሳሙት። «እናቴ ይሄን ሳታይ ሞተች! ወንድሜ! ወንድሜ!»

እታለማሁ እልል አለች። ጎረቤትየው ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ካሳዬ በሽማግሌው ክንድ መሃል እንደ እንጨት ቆሟል።

ማኑሄ ብቻ ነበር የተቀመጠው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደስታችሁን ላጠፋባችሁ አይደለም። ግን ወይዘሮ አዲስዓለምና አቶ ካሳዬ የአጎትና የአክስት ልጆች ከሆኑ፣ ሙሽራውና ሙሽሪት ምን ሊሆኑ ነው?»

እልልታው ተቋረጠ። ዳናዊት የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች። «ምን እያላችሁ ነው?»

ጋሼ ተክለአብ እጃቸውን ከካሳዬ ትከሻ ላይ ሳያነሱ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ ነበሩ። «ልጄ» አሏት፣ «እናንተ እኮ እህትና ወንድም ናችሁ።»

ዳናዊት የዚያን ዕለት ማታ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጮኸች። «ሰከንድ ከዝን ማለት እኮ ነው! እዚህ አገር ሊጋል ነው፤ ቼክ አድርጌያለሁ!»

«እዚህ አገር ሊጋል የማይሆን ምን አለ?» አለች እናቷ። እሷም እያለቀሰች ነበር።

ወይዘሮ አዲስዓለም ከመሬት በታች ካልገባሁ በስተቀር አይሆንም አለች። እዮብ እናቱን አልፎ መሄድ አልቻለም። ዳናዊት ሻንጣዋን ይዛ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ስልክ ሲደወልላት «ቢዚ ነኝ» ትላለች። እናቷ የምትልክላትን ምግብ አልፈልግም አለች።

ካሳዬ የሚያደርገው ጠፋው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ልጁ ታገባለች። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለመሸሽ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጠዋት ሲነሳ ዛሬ እናገራለሁ ይላል። እታለማሁ ሻዩን ስታቀርብለት፣ የሻይ ብርጭቆውን ከእጇ ሲቀበል ጣቶቿ ይነኩታል፤ ያኔ ነገ ይላል። ቁም ሳጥኑን መክፈት ተወ። እሁድ ወደ ሜዳው መሄድም ተወ።

በዚህ መሃል ጋሼ ተክለአብ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኤድመንተን በባቡርና በአውቶቡስ እየመጡ ይጠይቁት ጀመር። የተገኘ ዘመድ ዝም አይባልም። ብርቱካን ገዝተው ይመጣሉ፤ ስለ አያታቸው ግቢ፣ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ ፋሲካ ያወራሉ። ልጅ እያሉ ለበዓል ወይን አምባ ይወስዷቸው ነበርና ሁሉን ያስታውሳሉ። ካሳዬም ያስታውሳል፤ እሱ ግን የሚያስታውሰው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው። «አዎን፣ አዎን» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ይዘው ተቀምጠው ሳለ ሽማግሌው ቁም ሳጥኑን አዩት።

«አንተ ግን የሚገርመኝ» አሉ፣ «የአበጋዝ ልጅ ሆነህ እንዲህ ሸክላ መውደድህ! አያታችን እኮ ሸክላ ሠሪ በግቢያቸው አያሳልፉም ነበር።»

«ይሄ አንቲክ ነው፣ ጋሼ» አለች እታለማሁ ቶሎ ብላ። «የፈረንሳይ ነው።»

«ገባኝ ልጄ፣ ቀልዴን ነው።» ሻያቸውን ፉት አሉ። ትዝታው መጣባቸውና ፈገግ አሉ። «ወንዝ ዳር አንዲት ነበረች። አንጓች ነው ስሟ። ታስታውሳታለህ? ገበያ ስትሄድ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። እኛ ጎረምሶች ከላይ ሆነን በድንጋይ እናነጣጥራለን። የመታ እሱ ጀግና ነው። ሁሉም ይስታል። አንድ ቀን እኔ ሆዬ፣ አንድ ድንጋይ ስወረውር፣ ጧ! ለሁለት!»

«አይ ጋሼ፣ ኃጢአትም አይደል!» አለች እታለማሁ፤ ግን እየሳቀች ነበር።

«ልጅነት ነው። ትራገማለች ብለን ሮጥን። ቡዳ ናት፣ ታየናለች ብለን ፊታችንን ሸፍነን ነው የሮጥነው። በኋላ ዞር ብዬ ባያት ምን ታደርጋለች መሰለህ? መሬት ቁጭ ብላ ገሉን ትለቅማለች። አንድ በአንድ፣ ነጠላዋ ላይ። የተሰበረ ነገር ምን ይሠራላታል? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።»

«አድቅቃ ከጭቃው ጋር ልትለውሰው ነው» አለ ካሳዬ። «ገል ያልገባበት ጭቃ እሳት ላይ ይሰነጠቃል።»

«እንዴት አወቅህ?»

ካሳዬ ሻዩን መሬት አስቀመጠ።

«እኔ ነበርኩ የማደቅላት» አለ። «እናቴ ናት።»

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ የካሳዬን ፊት ሲያዩ ሳቁ እፊታቸው ላይ ደረቀ። እታለማሁ ስኳር ልታቀብል የዘረጋችው እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«የአበጋዝ ልጅ አይደለሁም። ስሙን ሰርቄው ነው። ሱዳን ውስጥ ርቦኝ ሰረቅሁት፤ ከዚያ መመለሻ አጣሁ። እናቴ አንጓች ናት። ያን ቀን ያለ እህል ነው የመጣችው። ገሉን እኔ ነኝ የወቀጥሁት።»

ከታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሲነሳ ይሰማል። ጋሼ ተክለአብ የያዙትን ብርጭቆ አዩት፤ ገና ግማሽ አልጠጡም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና በሁለት ጣታቸው ትንሽ ገፋ አደረጉት። ዘመድ ማጣታቸው ነው ወይስ መታለላቸው፣ የትኛው እንደከበዳቸው ከፊታቸው አይለይም። አረጁ ብቻ።

«እንግዲያ ዝምድና የለንም ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«የለንም።»

«ልጆቹ ሥጋ አይደሉም።»

«አይደሉም።»

ተነሱ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ስለ ድንጋዩ የሚሉት ነገር ያለ ይመስል አንዴ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «እነግራቸዋለሁ። ደኅና ይሁኑ፣ አቶ ካሳዬ» አሉ። «አንተ» ማለታቸው ቀርቶ ነበር። እጃቸውን ሳይዘረጉ ወጡ።

እታለማሁ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። በሩ ሲዘጋ ጠየቀችው።

«ካሳዬስ ስምህ ነው?»

«ስሜ ነው። እሷ ናት ያወጣችልኝ።»

«አባትህስ?»

«ጫኔ ይባላል። አላውቀውም፤ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው።»

«ጫኔ» አለች፣ ጣዕሙን እንደምትሞክር ሁሉ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማ።

ዳናዊት ስትሰማ እየሮጠች መጣች። አባቷን አንገቱን አቀፈችው። «ዳድ! ይሄ ብቻ ነው? ሲሪየስሊ፣ ይሄ ብቻ? እኔ እኮ ሰው ገድለህ ነው የመሰለኝ!» ሳቀች፤ በደስታ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አያቴ አርቲስት ነበረች ማለት ነው። ለምን አልነገርከኝም? ኩል ነው እኮ!» ስልኳን አውጥታ ከቁም ሳጥኑ ፊት አቁማ ፎቶ አነሳችው። ካሳዬ ፈገግ አለላት። ልጁ ደስ ብሏታል፤ የፈለገውም ይሄንኑ ነበር። ግን እሱ ዕድሜ ልኩን ጎብጦ የተሸከመውን እሷ በአንድ እጅ አንስታ ቀላል ነው ስትለው፣ ውስጡ የሆነ ነገር ሲወርድ ተሰማው። ምን እንደሆነ ለእሷ የሚያስረዳበት ቋንቋ አልነበረውም።

ሠርጉ ሚያዝያ ላይ ሆነ። ጋሼ ተክለአብ ወገቤን አሞኛል ብለው ቀሩ። ወይዘሮ አዲስዓለም መጣች፤ ሙሽሪትን ስማ መረቀች፤ ካሳዬን ከሩቅ እጅ ነሳችው። ማኑሄ ብቻ መጥቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና «አይዞህ፣ እኔም ዘሬን ብትቆጥርብኝ ከሦስተኛው ቤት በላይ ሁሉም ሌባ ነው» አለው። ያን ቀን ካሳዬን ያሳቀው ሰው እሱ ነው።

እታለማሁ አልተጣላችውም። እንደ ጠበቀው ልብሷን ሰብስባ አልሄደችም። ምግቡን ታቀርባለች፤ መድኃኒቱን ታስታውሰዋለች፤ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የተለወጠው ጥቂት ነገር ነው። «የባላባት ልጅ» ማለት ቀረ፤ ያ ባይቀር ነበር የሚገርመው። «ወጥ የተደፋበት» ብላ መሳለቋም አብሮ ቀረ። ቅዳሜ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ታጸዳና ቁም ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ጨርቁን አስቀምጣ ታልፋለች። አቧራው በማሰሮዎቹ ትከሻ ላይ እንደ ዱቄት ተቀመጠ። ካሳዬ ጥቂት ሳምንት አየውና ራሱ መጥረግ ጀመረ። ሲጠርግ ወደዚያ አትመለከትም።

አንድ ቀን ሰሃን እያጠቡ፣ እሷ እያለቀለቀች እሱ እያደረቀ፣ ሳታየው ተናገረች።

«እናትህን... ሰው የሚላት ነገር...»

«ምን?»

«ምንም። ተወው።»

እሷ ቧንቧውን ዘጋች። እሱም የያዘውን ሰሃን ማድረቁን ቀጠለ፤ ሰሃኑ ከደረቀ ቆይቷል።

ዳናዊት በሚቀጥለው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ካሳዬ ሕፃኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሆስፒታል በመስታወት በኩል ነው፤ ከዚያ ክርስትናው ላይ በሰው ትከሻ መሃል። በእርጋታ ሊያየው የቻለው ከክርስትናው በኋላ ባለው ሳምንት ዳናዊት ወደ ወላጆቿ ቤት ይዛው ስትመጣ ነው። ሊፍቱ ይሠራ ነበር። ዳናዊት ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ ሶፋው ላይ ወደቀችና ስልኳን ከፈተች። «ሳይተኛ አደረ፣ ማሚ። ሞቻለሁ።»

«አንቺም እንዲሁ ነበርሽ» አለች እታለማሁ። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኝታ መጠቅለያውን ፈታች። ትንንሽ እጆቹን አንድ በአንድ ሳመች። ፊቷ እንደዚያ የበራ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «አባቱን ነው የሚመስለው። አፍንጫውን ተይው፣ አፍንጫው የኛ ነው።»

ካሳዬ ኩሽና ውስጥ እጁን ታጠበ። ሁለቴ በሳሙና ታጠበና በደንብ አደረቀው። ወደ ሳሎን መጥቶ ከሚስቱ ትከሻ በላይ ጎንበስ አለ። ሕፃኑ ነቅቶ ነበር፤ ዓይኖቹ ብርሃኑን ይፈልጋሉ።

«እስቲ የኔ ጌታ» አለ ካሳዬ። «እስቲ እየኝ፣ አያትህ ነኝ።»

የእታለማሁ እጅ ተነሳ። ቀናም አላለች፣ አላሰበችበትም። የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው። ከሸፈነችው በኋላ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። እጇ በሕፃኑ ፊት ላይ ቀረ፤ ከነጠላው በታች ትንሽ ትንፋሽ ጨርቁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ዓይኗ ከካሳዬ ዓይን ጋር ተገናኘ፤ ቶሎ ሸሸ።

«ብርድ ነው» አለች።

ዳናዊት ከስልኳ ቀና አላለችም። ሂተሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ መስኮቱ ከሙቀቱ የተነሳ ላብ አውጥቷል።

«አዎ፣ ይበርዳል» አለ ካሳዬ። ወደ ኋላ ተመልሶ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ዓይኖቹን መሬት ላይ ተከለ።